የእንዳልካቸው ጽሑፍ

የዛሬ ቀለም ከጸሐፊው ነፍስ ጋር የታሰረ ነው፤ ሰውየው ሲሞት ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ልጄ እንዳልካቸው ጨረቃ ላይ ማዕድን ሊቆፍር ሲሄድ፣ ጆንያ ላይ በትልልቁ «እመለሳለሁ» ብሎ ጽፎልን ሄደ። ድምፁን ከሰማን ቆየን። ቁጭ ማለት ቢያቅተኝ በየፊደሉ ላይ አለላ እየሰፋሁ፣ እርድና አመድ እየለወስኩ መቀባት ያዝኩ። ቀለሙ ቢሄድ ቅርጹ ይቅርልኝ ብዬ ነው።

ሚስቱ ወይንእሸት እጄን ያዘችኝ።

«እማማ፣ ሁሉንም ከሸፈኑት በሕይወት መኖሩን በምን እናውቃለን?»

«አለማወቁ ይሻለኛል።»

«እኔን አይሻለኝም።»

«ከእኔ ሆድ ነው የወጣ። ልቀቂኝ።»

«ባሌም ነው። አልለቅም።»

እኔ ግትር ነኝ፤ እሷ ባሰች። የመጨረሻዋን ፊደል ሳልነካ ተውኩላት።

አሁን ጠዋት ጠዋት እሷ ገብታ ጆንያውን ታያለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የእሷን ፊት አያለሁ።