ሦስተኛውን መስመር የሚያውቅ አለ?

«አባባ፣ ይቅርታ… ማይኩን ይስጡኝና ይቀመጡ፤ ፕሮግራም ተይዟል!»

የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጅ በሹክሹክታ ለመናቸው።

ሽማግሌው አልሰሙም… ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

እሑድ ጠዋት ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሏል።

ጉሮሯቸውን ጠራረጉና እንደ ሕፃን እያጨበጨቡ ጀመሩ፦

«ወደ ሐይቅ ወረደች ትንሿ ጨረቃ፣
እናቷ ፈለገች ሁሉንም ጠይቃ…»

እዚያ ላይ አቆሙ።

«ሦስተኛውን መስመር የሚያውቅ አለ?»



ከአጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ተንሾካሾኩ።

«ፖሊስ ነበሩ አሉ!»

«በዚህ ድምፅማ ሌባው ራሱ እጁን ይሰጣል!»

ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ሰውየው ኢንስፔክተር ክብሩ ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ሐዋሳ የጠፉ ሕፃናትን ጉዳይ በሚከታተል የምርመራ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል።

ከብዙ ዓመታት በፊት መናኸሪያ ውስጥ አንዲት ሕፃን ብቻዋን ተገኘች…

የአባቷን ስም አታውቅም። ሰፈሯን አታውቅም።

የምታውቀው እያጨበጨበች የምታዜማትን ይህችን ግጥም ብቻ ነበር።

መርማሪ ደግሞ አንድ ልማድ አለው… የሚያውቀውን ሁሉ አያወራም። አንዲት ነገር ይደብቃል፤ እውነተኛው ባለቤት መጥቶ እንዲሞላት።

እሳቸውም ሁለቱን መስመሮች አስነግረው ሦስተኛውን ደበቁ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት «ልጄ ናት!» እያለች መጣች። እንባዋ ይወርዳል።

«ግጥሟን ጨርሽልኛ» አሏት።

አልቻለችም… ሕፃኗንም አልሰጧትም።

ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። እሳቸውና ባለቤታቸው ልጅቷን በሕግ ወስደው አሳደጓት።

ፍለጋውን ግን አልተዉም።

ዜማው የቸርች መዝሙር ስለሚመስል በየእሑዱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። መሃል ከተማን አዳርሰው ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ቡሹሎ ድረስ ዘለቁ።

አሁን ልባቸው ታሟል። ሐኪሙ «ይረፉ» ብሏቸዋል።

ባለቤታቸው እትዬ አለምነሽ «አንተ ሰው፣ ማይክ እንደያዝክ ልትሞትብኝ ነው?» ይሏቸዋል።

መልሳቸው አንድ ነው፦

«የሚጨርሰው ሰው ሳይገኝ አልቀመጥም። ለልጅቷ ቃል ገብቻለሁ።»

የዚያን ዕለት ግን ግድግዳውን ሲደገፉ አየሁ…

«ማንም… የለም?»

ተነሣሁ።

እኔ ማለት… ወረፋ ላይ «ተራዬ ነው» ማለት የማፍር ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር እንኳ ከኋላ ያሉት «መምህር፣ አይሰማም!» ይሉኛል።

ያን ቀን ግን በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አዜምኩ፦

«አልጠፋሁም አባ፣ ቤቴ ነኝ በቃ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። የሳቁት ልጆች አፋቸውን ያዙ።

ኢንስፔክተሩ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«መስመሩ እሱ አይደለም!» አሉ በማይኩ።

«አውቃለሁ አባዬ… ይሄ የራሴ ነው።»

«ደግሞ አንቺ አትቆጠሪም!»

«ለምን?»

«የጠፋችው ልጅ አንቺው ነሻ!»

በሰው መሃል አልፌ አጠገቡ ደረስኩ።

«እስቲ እየኝ አባዬ… የጠፋ ሰው እመስላለሁ?»

አየኝ… ብዙ አየኝ።

ከዚያ ማይኩን በእጄ ላይ አስቀመጠና…

ተቀመጠ።

አዎ… ያቺ ሕፃን እኔ ነኝ፤ የዚህ ገጽ አድሚን። የሰው ታሪክ ስጽፍላችሁ ኖሬ የራሴን ደብቄ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼም አያውቁም።

በእሱ አፍሬ አይደለም። «አሳዳጊ አባቴ» ስል፣ ሰው «አባቴ» ከሚለው አሳንሶ እንዳያየው ሰግቼ ነው።

አሁን አባዬ ቤት ሆኖ ያርፋል። እሑድ እሑድ የምቆመው እኔ ነኝ… እያፈርኩም ቢሆን። የወለደችኝ እናቴም በሕይወት ካለች እየፈለገችኝ ይሆናልና።

«ዛሬም ዜማውን ሳትኩት» ስለው፣

«ምን ታደርጊ፣ በእኔ ወጥተሽ ነው» ይለኛል።

የተማርኩት ይህንን ነው፦ አንድ ሰው ሥራው አልቆ፣ ጉልበቱ ደክሞ፣ ሰው እየሳቀበት እንኳ ስለ እናንተ መጠየቁን ካላቆመ… እናንተ አልጠፋችሁም። ቤታችሁ ናችሁ።

እናንተስ? ሳይወልዳችሁ ወላጅ የሆነላችሁ ማን ነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለአባዬ አነብለታለሁ።

እውነተኛውን ሦስተኛ መስመር የሚያውቅ ካለ ግን… እባካችሁ ኮሜንት ላይ እንዳይጽፈው። በውስጥ መስመር ብቻ።

የመርማሪ ልጅ ነኝ።