ጀርባ ለጀርባ

የአልበሙ ሁለተኛ ገጽ ሲጀመር ታናሹን የታላቅ ወንድሙ ጀርባ ይከብደዋል። እስካሁን ሸሚዙን ነካ ብቻ ያደርገው የነበረው ትከሻ አሁን ተደግፎታል። የወንድሙ ላብ ዘልቆ ወገቡን ያቀዘቅዘዋል።

ወንድማማቾቹ ኪቦርድና የሙዚቃ ማሽኖቻቸውን በየፊታቸው ደርድረው፣ ለተመልካቹ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። በወጣትነታቸው አልበሙን የሠሩት እንዲህ ነው። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች ጠረጴዛዎቹን ግራና ቀኝ ከግድግዳ አስጠግተው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ በጀርባው እያዳመጠ። ሰፊ መድረክ ካገኙ በኋላም አልተዉትም። ሙዚቃው እስኪያልቅ መዞር ክልክል ነው። ታላቁ ለምን ሲባል፣ የዚህን ልጅ ፊት እያየሁ ሰው ማስደነስ አልችልም ይላል።

ዛሬ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሊጫወቱ ቃል ገብተዋል፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከመውጣታቸው በፊት ታላቁ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ግራ እጁን ሲያሻሽ ነበር። ደረቱን እንደጨመደደው፣ ጣቶቹም እንደደነዘዙ ነገረው። ታናሹ ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ለመነው። እምቢ ሲለው በሩን ይዞ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰዉ ይረዳናል።»

«ይቺን ልጨርስና ወደፈለግህበት ውሰደኝ፤ ካሻህም በቃሬዛ።»

ታላቁ ሳቀ። ታናሹም ሳያስበው ሳቀና ከበሩ ዞር አለ።

አሁን ከመጨረሻው በፊት ያለው ሙዚቃ እያለቀ ነው። መዝጊያው አንድ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ ነው። ታላቁ ቁልፉን ተጭኖ ይቆያል፤ ጣቱን ሲያነሳ ታናሹ የመጨረሻውን ይጀምራል። ታናሹ እጁን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ድምፁ አይቆምም።

ጀርባውን የተጫነው ክብደት ድንገት ይለቀዋል። ቀና አለ፣ ተሻለው ማለት ነው፣ ብሎ እፎይ ሊል ሲል በረጅሙ ድምፅ ላይ ሌሎች ድምፆች ይደረባሉ፤ ዝብርቅርቅ ያሉ፣ አልበሙ ላይ የሌሉ። ታላቁ በዚህ አልበም ላይ አንዲት ነገር ጨምሮ አያውቅም።

ተመልካቹ አዲስ ነገር የመጣለት መስሎት ያፏጫል። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ታናሹ የወንድሙን ትንፋሽ በጀርባው ይፈልገዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነው።

ዓይኑን ወደ ፊት ረድፍ ይልካል። እጆቿን ዘርግታ ስትደንስ የነበረች ሴት መደነሷን አቁማለች። የምታየው እሱን አይደለም፤ ከእሱ ኋላ ነው። እጆቿን ቀስ ብላ ታወርዳለች። ከአጠገቧ ያለውም ያወርዳል፣ ቀጥሎ ያለውም።

ከወደ ኋላ ያሉት ገና ያጨበጭባሉ።