ሽማግሌ የተላከበት መረጃ

«ቃል ካልሰጠሽን አንቀመጥም» አሉ አቶ ኤርሳዶ፣ ከዘራቸውን ሳሎኑ መሐል ተክለው። ከጎናቸው አቶ ወልደመስቀልና ከዲምቱ የመጡት አቶ ዳልጮ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆመዋል።

አሳየሽ የወንበሩን ልብስ እያስተካከለች ነበር። ሽማግሌ ለልጇ! ሃይማኖት ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ ቆማ ቀረች ብላ ስንቱን ሌሊት ስትገላበጥ አድራለች። ደስታው ገና ሳይሞቃት ግን ስጋቱ ቀደመ። ልጁ ጠጪ ቢሆንስ? ቤሌ ከተማ ውስጥ ሌላ ሚስት ደብቆ ቢሆንስ?

«የማን ልጅ ነው አባቶቼ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ለጋብቻ አይደለም የመጣነው» አሉ አቶ ወልደመስቀል ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የላከን የልጅሽ የመሥሪያ ቤት አለቃ ነው። ዲምቱ አካባቢ የለካቻቸውን ሕፃናት ነገር ኢንተርኔት ላይ ልታወጣ ነው አሉ። እንድትተወው ምከሪልን።»

አሳየሽ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ነገሩን ታውቀዋለች። ሃይማኖት በዚህ ድርቅ ከቤት ቤት እየዞረች ረሃቡ ምን ያህል እንደጎዳቸው ለማወቅ የሕፃናቱን ክንድ ስትለካ ከርማለች። አሁን ደግሞ ልኩን ሁሉ ውጭ አገር ባለ የመረጃ ቋት ልታኖረው ነው፤ ማንም ከየትም ሆኖ ከፍቶ የሚያነበው ቋት። ይህን ከሰማች ወዲህ አሳየሽ በር በተንኳኳ ቁጥር ልጄን ሊወስዱ መጡ ትላለች።

«የድሃ ገመና አደባባይ ይወጣል እንዴ?» አሉ አቶ ኤርሳዶ።

«የማንም ስም የለበትም አባባ» የሚል የሃይማኖት ድምፅ ከጓዳ መጣ። «ስሙን ሁሉ አውጥቼዋለሁ።»

«ያም ቢሆን!» አሉ አቶ ወልደመስቀል። «የወረዳው ግምገማ ላይ ረሃብ የለም ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል። አለ ብትል ጸረ-ልማት ትባላለች፤ ሥራዋንም ታጣለች።»

«የጻፈችው ውሸት ነው?» አለች አሳየሽ።

«ውሸት ማን አለ? ጊዜው አይደለም ነው ያልነው።»

እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ክፉ ክፉውን ማሰብ የለመደ ልቧ እንደ ልማዱ ወደፊት ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወዳላሰበችው በኩል ነው።

«እኔ ፈሪ ነኝ አባቶቼ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለች። «ስለዚህ ፍርሃቴን ስሙኝ። ነገ እነዚያ ልጆች ቢሞቱና ማን ለክቷቸው ነበር ቢባል፣ ሃይማኖት። ማን ደበቀው ቢባል፣ ሃይማኖት። ያን ቀን ይሄ አለቃዋ እዚህ ቆሞ እኔ ነኝ ያስደበቅኋት ይልልኛል? የእርዳታ ገንዘብ በልታ ነው የደበቀችው ብሎ ያሳብብባታል እንጂ!»

«ምን ገንዘብ?» አሉ አቶ ወልደመስቀል።

«እሱንም አያጣም፤ ይፈጥራል! እናንተስ የላካችሁን እየነገራችሁኝ ነው፤ እሱ ራሱ ለምን አልመጣም?»

«ሽማግሌ እምቢ ይባላል?» አቶ ኤርሳዶ ፊታቸው ጠቆረ።

«ለጋብቻ መጥታችሁ ቢሆን ልጁ ሰካራም ቢሆን እንኳ እሺ እል ነበር።» ወደ ጓዳው ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሃይማኖት! ላኪው!»

ከጓዳ የላፕቶፕ ቁልፍ ሲጫን ተሰማ። ከዚያ ሃይማኖት ላፕቶፗን እንደታቀፈች ወጣች።

«ሄደ እማዬ።»

«ማን ሊያጠፋው ይችላል?»

«ማንም ያነበዋል። ማጥፋት ግን እኔም አልችልም።»

አሳየሽ ግድግዳውን ደገፍ አለች። «ጎሽ» አለች። «እንግዲህ እኔንም ጨምረው ይውሰዱ።»

አቶ ኤርሳዶ ከዘራቸውን ነቅለው ወደ በሩ ዞሩ፤ አቶ ወልደመስቀልም ተከተሏቸው። አቶ ዳልጮ ግን ባሉበት ቀሩ።

«እስቲ የአንዱን አንብቢልኝ ልጄ» አሉ፤ ከገቡ ጀምሮ አልተናገሩም ነበር።

«ወንድ። ዕድሜው ዓመት ከሁለት ወር። የክንዱ ዙሪያ አሥር ሳንቲሜትር።»

«አሥር ሳንቲሜትር ምን ያህል ነው?»

ሃይማኖት ላፕቶፑን ወንበር ላይ አኑራ የሽማግሌውን እጅ ያዘች። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አገናኝታ ቀለበት አደረገችው፤ ሰፋባት፤ አንዱን ጣት በሌላው ላይ ደርባ አጠበበችው።

«ይህን ያህል።»

ከውጭ «ዳልጮ! አትመጣም እንዴ?» የሚል ጥሪ ተሰማ። አቶ ዳልጮ በጣቶቻቸው መሐል ያለውን ክፍተት እያዩ ቆመው ቀሩ፤ ሃይማኖት እጃቸውን ከለቀቀች በኋላም ጣቶቻቸውን አልፈቱም።