አድራሻውን የያዘው ማሽን

ቃለሕይወት ጠርጣራ ነው። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ያውም ደስ እያለው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አይጠፋም ስንጥር» ይላል። ላፕቶፑን ለሰው ትቶ አያውቅም፤ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ነቅሎ በብብቱ ይዞት ይሄዳል።

በ2004 ዓ.ም. ሶዶ ከተማ ውስጥ የአንድ የዝንጅብል ገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ቢሮው ሁሉ የሚሠራበት ሰርቨር አርጅቶ ሲያስቸግር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በአዲስ እንዲቀየር ተወሰነ። የተቃወመችው የንብረት ክፍሏ አሳየሽ ብቻ ናት። ባለሙያ ሳይቀጠር በፊት አሮጌውን ሰርቨር ስታበራና ስታጠፋ የኖረችው እሷ ነበረች።

«የሚሠራ ነገር ለምን ይነካካል?» አለች በስብሰባ ላይ።

ቃሏ በቃለሕይወት ጆሮ ውስጥ ቀረ።

ቅያሬው የተደረገው በገበያ ቀን ነው። ገበሬው ዝንጅብሉን ጭኖ ደጅ ተሰልፏል። ሥራ እንዳይቆም ቃለሕይወት የሰርቨሩን የኔትወርክ አድራሻ ለራሱ ላፕቶፕ ሰጠና ቢሮው ቀኑን ሙሉ በእሱ ሲሠራ ዋለ። አንድም ገበሬ ሳይስተናገድ አልተመለሰም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጩማ ለስላሳ ጋበዙት፤ ጸሐፊዋ ፈጠነች አጨበጨበችለት። አመሻሹ ላይ ሰርቨሩ በአዲሱ ሲስተም ተነሣ፤ ሁሉም ጌታን አመስግኖ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ሠራተኛው እንደገባ ኔትወርኩ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ፤ ምሳዋን ቢሮ የምትበላው ፈጠነች አየችው። ከሰዓት ሠራተኛው ሲገባ እንደገና ሄደ። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው ሆነ።

ቃለሕይወት የሰርቨሩን ቅንብር፣ ኮንፊገሬሽኑን፣ ከላይ እስከ ታች ፈተሸ። እንከን የለውም። ሰርቨሩ ግን አንድ ነገር ይላል፦ አድራሻዬን ሌላ ማሽን ይዞብኛል።

«ለአንድ ቤት ሁለት ሰው ባለቤት ነኝ ሲል ማለት ነው» ብሎ ለአቶ ጩማ አስረዳ። «መልእክተኛው ለየትኛው ይስጥ? እዚህ ግቢ ውስጥ የተደበቀ ማሽን አለ። የደበቀውም ምሳውን በሰዓቱ የሚበላ ሰው ነው።»

አቶ ጩማ ሳቁ። ቃለሕይወት አልሳቀም።

መሳቢያ ሁሉ ተከፈተ። ከመደርደሪያ ጀርባ፣ ከጆንያ ሥር ሳይቀር ተፈለገ። የተገኘ ነገር የለም። አሳየሽ ግን አንድ ዘንቢል አላት። በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዛበት ትገባና ከጠረጴዛዋ ሥር ትወሽቀዋለች። ረፋዱ ላይ ያንኑ አንጠልጥላ ትወጣለች።

«ምንድን ነው እሱ፣ እትዬ አሳየሽ?»

«ምግብ ነው፣ ልጄ። ይደፋል፣ አትንካው።»

አትንካው! ቃለሕይወት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

አንድ ረፋድ ስትወጣ ላፕቶፑን ነቅሎ ተከተላት። እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ ወደ ዱቦ በሚሄድ ሚኒባስ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ወንበር፣ ኮፍያውን ዐይኑ ድረስ አውርዶ። ሚኒባሱ ከሶዶ ሳይወጣ ስልኩ ጠራ። ፈጠነች ናት።

«ተመለሰ! አሁን ተመለሰ!»

«ዘንቢሉ ወጥቷላ» አለ በሹክሹክታ።

ዱቦ ሆስፒታል ስትደርስ ዘንቢሉን ፈታች። የገብስ ገንፎ ነው። አልጋ ላይ ለተኙት እናቷ እያበረደች አጎረሰቻቸው። አጠገባቸው ያለችው አስታማሚ ልታግዝ እጇን ብትዘረጋ ፊታቸውን አዞሩባት። ቃለሕይወት በበሩ ክፍተት አየ። ያሳዝናል፣ እናት ናት። ግን ገንፎ ሲያይ ስንጥሩ ትዝ አለው።

«ገንፎው ሽፋን ነው» አለ ለአቶ ጩማ። «ደጋግሜ ተከትያታለሁ። ስንወጣ ይሠራል፣ ስንመለስ ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም።»

አሳየሽ ተጠራች።

«በሥራ ሰዓት መውጣቴ እውነት ነው» አለች። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ማሽን የሚባለውን ግን እኔ አላውቅም። ጌታ ያውቃል።»

አቶ ጩማ ክፉ ሰው አይደሉም። ማባረር ከበዳቸውና ወደ ሁምቦ ቅርንጫፍ አዛወሯት። ሁምቦ ከሶዶ ወዲያ፣ ዱቦ ከሶዶ ወዲህ፤ ረፋድ ላይ ደርሶ መመለስ አይቻልም።

«እናቴን ማን ያጎርሳታል?» ስትል ጠየቀች።

አቶ ጩማ የዝውውር ደብዳቤዋን ፈርመው ሰጧት። ቃለሕይወትም ዕቃውን እየሸከፈ ነበር፤ በነጋታው ለሥልጠና ሐዋሳ ይሄዳል።

ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ኔትወርኩ ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም። አቶ ጩማ እየደወሉ ይመርቁታል፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እውነት ነው፣ አንተ ልጅ!» አንድ ቀን ስልኩን ፈጠነች ተቀበለቻቸው።

«ግን ያሳዝናል» አለችው። «እናቷ ከሌላ ሰው እጅ አልቀበልም ብለው አፋቸውን ዘግተዋል አሉ።»

«እግዜር ይማራቸው» አለ ቃለሕይወት። ከልቡ ነበር።

የተመለሰ ዕለት የዩኒየኑ ፒክአፕ ሠራተኛውን ጭኖ ደጅ ቆሞ አገኘው። የአሳየሽ እናት አርፈዋል፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነው። የሚጠብቁት ፈጠነችን ብቻ ነው፤ ውስጥ ሆና ለመጨረሻው ገበሬ ደረሰኝ እያተመች ነበር።

«አትሄድም እንዴ?» አሉት አቶ ጩማ ከመኪናው።

«እደርሳለሁ። መጀመሪያ ሁሉ ነገር ደኅና መሆኑን ልይ» አለና ወደ ቢሮው ገባ። ላፕቶፑን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ፤ የኔትወርክ ገመዱንም ሰካ።

«ኧረ ኔትወርኩ ሄደ!» አለች ፈጠነች ከወዲያኛው ክፍል።