ከአሸዋው ሥር

አባቷ በነሐስ ማቅለጫው ጥግ ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ ሲምስ፣ ከባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችው ልጁ የባንክ ወረቀት ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። ሒሳቡ ባዶ ነው። ነገ ደሞዝ ካልተከፈለ ሠራተኞቹ ወደ ጎረቤት ማቅለጫ እንደሚሄዱ ሁለቱም ያውቁ ነበር። “ስንቴ ነገርኩህ አባዬ? ነሐስ ባቀለጥክ ቁጥር እየቀነስክ የምትቀብረው የሞተ ገንዘብ ነው።” “ተይው፣ ዛሬ ከሞት ይነሣል” አላት ቀና ሳይል።

የመጀመሪያውን የነሐስ ጥፍጥፍ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ሰጣት። ከመዳፏ አይበልጥም፤ ግን ከባድ ነበር። ገልብጣ አየችው። ድቡልቡል ጫፍ፣ ጠበብ ያለ ተረከዝ፣ የተሸራረፈ የሶል መስመር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ነበሩ። ሁሉም የአንድ ሕፃን ጫማ ቅርጽ ናቸው። “የኔ ጫማ ነው?” አለችው። “ታዲያ ነሐሱን የማፈስበትን ቅርጽ ለማውጣት አሸዋው ላይ ምን ልጫን? ቤት ውስጥ ያገኘሁት እሱን ነው። እግርሽ ባደገ ቁጥር ጫማውን ብቀያይር ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርን።”

ነሐሱን ሊገዛ የመጣ ነጋዴ በር ላይ ሚዛኑን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። ልጅቷ ጥፍጥፎቹን ሁለት ሁለት እያደረገች አመላለሰች። ደሞዙ ሲሞላ እጇ ላይ አንድ ቀረ። “ያቺንም ጨምሪያት እንጂ” አለ ነጋዴው። እሷ ግን ወደ ጥጉ ሄዳ ተንበረከከች፤ ጥፍጥፉን ጉድጓዱ ውስጥ አስተኝታ አሸዋ መለሰችበት።

“ደግሞ የሞተ ገንዘብ?” አላት አባቷ እየሳቀ።

“ዝም በል አባዬ፣ መጠባበቂያ ነው” አለችና አሸዋውን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው።