ስድሳ ሰባት ቤት

በየዓመቱ ቅዝቃዜው ከመግባቱ በፊት በወረዳው መብራት ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት ይዘጋጃል። በቻይና፣ በጉይዡ ተራሮች ላይ የሚወርደው ካፊያ ሽቦ ሲነካ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ሽቦው ክንድ እስኪያክል ይወፍራል፤ ምሰሶው ይጎብጣል። ያን ጊዜ ከተማውና ሆስፒታሉ እንዳይጨልሙ አንዳንድ መንደር መቆረጥ አለበት። ወረቀቱ የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚቆረጥ ነው።

የምታዘጋጀው ሹፈን ናት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሃያውን እዚያው ቢሮ አሳልፋለች። ስሟ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። ኃላፊው የእሷን ወረቀት ሳያነብ ነው የሚፈርመው።

ደንቡ ቀላል ነው። ክሊኒክ ከሌላቸው መንደሮች መካከል በቤት ብዛት ትንሹ ቀድሞ ይቆረጣል። ትንሹ ሎንግታን ነው፤ ስድሳ አንድ ቤት። ቀጥሎ ባይያን፤ ስድሳ አራት።

ሎንግታን የሹፈን እናት ብቻዋን የምትኖርበት መንደር ነው። ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ፣ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። መብራት ከጠፋ የማሽኑ ባትሪ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ሹፈን ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤቴ ነይ ብላ ለምናት ነበር። አሮጊቷ ግን አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ነፍሱ የወጣች ሰው ብቻ ነው ብላ ሳቀችባት።

ብርዱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቷ ደወለች። እንደ ልማዷ ከሩቅ ጀመረች። አሳማው ታርዶ ሥጋው ጭስ ላይ ተሰቅሏል። ታናሽ እህቷ፣ የሹፈን አክስት፣ የደረቀ ፕሪም ልካላታለች። ማሽኑን በጎኑ ቢያጋድሙት ይበላሽ ይሆን? ሹፈን ምንጊዜም ቆሞ መቀመጥ አለበት አለቻት። እናቷ አሳላት።

«እኛ ስድሳ አንድ ቤት ነን፤ አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«አምናም መጀመሪያ የጠፋው የኛ ነበር።»

«አዎ።»

«በይ እንግዲህ፣ ስለ እኔ አታስቢ። እኔ የወለድኳትን አውቃታለሁ።»

ስልኩ ተዘግቶም ሹፈን ከጆሮዋ አላወረደችውም። እናቷ በዕድሜዋ አንድ ነገር በቀጥታ ጠይቃ አታውቅም። ጨው ሲያልቅባት እንኳ ለጎረቤት የምትነግረው ምግቡ አልጥም እንዳላት ነበር።

ሎንግታን ውስጥ ባለቤቶቻቸው ለፋብሪካ ሥራ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደው የቀሩ ስድስት ቤቶች አሉ። ከተዘጉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከቆጠራም ወጥተዋል። ሹፈን በማግስቱ ወደ ቆጠራው መለሰቻቸው። ስድሳ ሰባት ብላ ጻፈች። ባይያን አንደኛ ሆነ። የባይያን ሰዎች የከሰል ምድጃ አላቸው፣ ይተጋገዛሉ፣ ጥቂት ቀን ጨለማ አይገድላቸውም እያለች ራሷን አባበለች። የዚያ መንደር ፕሪም በልጅነቷ እንዴት ይጥማት እንደነበር ትዝ አላትና ወረቀቱን ገለበጠችው።

ኃላፊው ሳያነብ ፈረመ። ያነበበው የጥገና ጓዱ አለቃ ዌይ ነበር።

«እህት ሹፈን፣ ሎንግታን ዘንድሮ መንታ መንታ እየወለደች ነው እንዴ? ስድስት ቤት?»

ለአዲስ ዓመት ይመለሳሉ ብዬ ነው አለችው።

«ስምንት ዓመት ያልታየ ሰው ዘንድሮ ናፈቀው» አለና ሳቀ። ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሹፈን ዌይን ስታይ ዓይኗን ትሰብር ጀመር።

ካፊያው በጥር መጣ። በሁለተኛው ቀን ባይያን ተቆረጠ። መንገዱ መስታወት ሆነ። ተራራው ላይ ያለው የስልክ ማማ ከነበረዶው ወደቀና ሁለቱም መንደሮች ድምፃቸው ጠፋ። ሹፈን ቤቷ አልሄደችም፤ በተረኞች ክፍል ውስጥ የቀዘቀዘ ኑድል እየበላች የየመንደሩን መስመር የሚያሳየውን ሰሌዳ ታያለች። የሎንግታን መብራት አረንጓዴ ነው። ባየችው ቁጥር ትጽናናለች፤ ወዲያው ደግሞ ታፍራለች። ባይያን ውስጥ አራስ ትኖር ይሆን? በሽተኛ ይኖር ይሆን? ለማን ይነገራል? አራት ቀን እንዲህ አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዌይና ጓዶቹ ጫማቸው ላይ የብረት ጥርስ አስረው፣ በረዶ የሚያራግፉበትን ቀርከሃ ተሸክመው በእግር ሎንግታን ገቡ። ባይያን ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ ገና አልደረሱበትም። ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ በክፍሉ ያለው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«እህት ሹፈን፣ ሎንግታን ነን። መብራቱ አለ፤ ሰውም ደኅና ነው።»

ሹፈን ትንፋሿን ለቀቀች።

«የተዘጉትን ቤቶችም ቆጥሬያለሁ» አለ ዌይ። እንደ ወትሮው አልሳቀም።

ኃላፊው ከሻይ ብርጭቆው ቀና አለ። ሹፈን ፊቷ ጋለ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«አውቃለሁ። ስድስት ናቸው» አለች ሁሉም እየሰማት። «እኔ ነኝ የጨመርኳቸው። መቆረጥ የነበረበት ሎንግታን ነው፤ ባይያን አልነበረም።»

ኃላፊው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዌይ በሬዲዮው መለሰ።

«ሰባት ናቸው፣ እህቴ። ሰባተኛው የእናትሽ ነው። ‹ልጄ አድልዎ አታውቅም፤ መጀመሪያ የምትቆርጠው የኛን ነው› ብለው፣ ካፊያው ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን በጀርባ ቅርጫት አቁመው ለጎረቤት አሳዝለው፣ ባይያን እህታቸው ቤት ሄደዋል።»