የጥላሸት ብናኝ

ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚንቀሳቀስና የሚናገር ምስሉን ብቻ ወደፈለገበት መላክ ከጀመረ ወዲህ፣ በጠባቡ ሐዲድ ላይ የሚሄደው የድሬዳዋ የእንፋሎት ባቡር ሞልቶ ነው የሚውለው። ነጂውም ከሰል ጨማሪውም በነፃ የሚያገለግሉ ጡረተኞች ናቸው። ትኬት ቆራጩ ጋሽ ኢብሳ ጉዞው ሲያልቅ ወንበሮቹን ይጠርጋሉ፤ አንድ ፍርፋሪ እንኳ አያገኙም።

ቅዳሜ ልጃቸው ሲፈን አዳማ ካለው ቤቷ ምስሏን ላከችና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ዳገቱ ላይ ባቡሩ ጭሱን ሲተፋው፣ የጥላሸት ብናኝ በመስኮቱ ገብቶ የጋሽ ኢብሳ ዓይን ውስጥ ጥልቅ አለ። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ያቃጠለው እሳቸውን ብቻ ነው።

«እንዳታሸው አባዬ» አለች ሲፈን። «ና፣ እፍ ልበልልህ።»

ልጅ እያለች እዚሁ ባቡር ላይ እፍ የሚሉላት እሳቸው ነበሩ። ጎንበስ አሉላት። ጉንጮቿን ነፍታ፣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ እፍ አለች። ፊታቸውን የነካ ትንፋሽ አልነበረም።

«ወጣልህ?»

«ወጣልኝ፣ የኔ እናት» አሏት።

ከዚያ የሚቆጠቁጠው ዓይናቸው እንዳይጨፈን እየታገሉ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።